አባቴ ከሆስፒታል ሊወጣ ነው፤ እቤት እንዴት እንያዘው?

ጥያቄው፦ «ሲስተር፣ አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ግፊትና ስኳር አለበት። ከ18 ቀን በፊት ስትሮክ መታውና እዚሁ አዳማ ሆስፒታል አስገባነው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩም ጠፍቷል። በአፍንጫው የነበረው የምግብ ቱቦ ከትናንት ወዲያ ወጣለት፤ የሽንት ቱቦው ግን አሁንም አለ። ዛሬ ዶክተሩ "ሐሙስ ትወጣላችሁ" አለን። እናቴ በጣም ደነገጠች። እኔ ሥራ አለኝ፤ ወንድሜ ሞጆ ነው የሚሠራው። ቤታችን የኪራይ ነው፣ ሁለት ክፍል። ጥቂት ቀን እንዲያቆዩልን እንለምን ወይስ እንውሰደው? እቤት ምን እናድርግለት? ጠበል እንውሰደው የሚሉ ዘመዶችም አሉ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። እናትሽ መደንገጣቸው አይገርምም። «ትወጣላችሁ» የሚለው ቃል ለሐኪሙ የምሥራች ነው፤ ለቤተሰብ ግን ሸክሙ በአንድ ቀን ትከሻ ላይ ሲወርድ ነው የሚሰማው። እዚህ አዳማ እየዞርኩ ቤት የሚታከሙ ሰዎችን ማየት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ያን ድንጋጤ ያላየሁበት ቤት የለም።

መጀመሪያ ለዋናው ጥያቄሽ። አባትሽ ትኩሳት ከሌላቸው፣ ግፊታቸው በሚዋጥ መድኃኒት ከተረጋጋ፣ በአፋቸው መመገብ ከጀመሩ፣ ሆስፒታል መቆየት በራሱ ጥቅም የለውም። ዋርድ ውስጥ በቆዩ ቁጥር የሳንባም የሽንትም ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል። ስለዚህ ቀን አትለምኑ። ትምህርት ለምኑ።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳሽ። እነዚህን 18 ቀናት አባትሽን ያበላው ማነው? ልብሳቸውን የቀየረው፣ መድኃኒት ፍለጋ ውጭ የሮጠው፣ ሌሊት ወንበር ላይ ያደረው? እናንተ ናችሁ። በእኛ አገር አስታማሚ የነርስን ሥራ ግማሹን ይሠራል። ሌላው ግማሽ ግን ያመልጠዋል። ራውንድ ሲጀመር «አስታማሚዎች ውጡ» ይባላል። ሐኪሞቹ ስለ አባትሽ በሚነጋገሩባት በዚያች ሰዓት እናንተ ኮሪደር ላይ ናችሁ። መርፌው ሲሰጥ፣ ቱቦው ሲታይ ዘወር በሉ ትባላላችሁ። ሐሙስ ዕለት ግን ያ ያላያችሁት ግማሽ ሥራ ጭምር ይሰጣችኋል።

ስለዚህ ከዛሬ እስከ ሐሙስ ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት። ለዋርዷ ነርስ እንዲህ በያት፦ «እቤት የምንይዘው እኛ ነን። አንቺ እያየሽን እኛ እንሥራው፤ ስንሳሳት አርሚን።» ኢንሱሊን (የስኳር መርፌ) ታዞላቸው ከሆነ እናትሽ በገዛ እጃቸው ቀድተው ይውጉ። የሽንት ከረጢቱን አንቺ ባዶ አድርጊ። ማገላበጡንና ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወሩን ወንድምሽ ቢያንስ አንድ ቀን ከሞጆ መጥቶ ይለማመድ። «ገባችሁ?» ሲሉ «አዎ» ማለት ማወቅ አይደለም። እጅ የሠራውን ነው ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያስታውሰው። ሐሙስ ደርሶ ያልሠራችሁት ነገር ካለ ያኔ አንድ ቀን መለመን ተገቢ ነው፤ ምክንያት አላችሁና።

አሁን ስለ መድኃኒት። ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ በራሴ ቤት ስለደረሰ ነው። አጎቴ ከአንድ ሆስፒታል ሲወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀትና አንድ ፌስታል መድኃኒት ሰጥተው ሸኙት። እቤት ደግሞ ድሮ የሚወስደው የግፊት መድኃኒት ነበር። አዲሱ ካርቶን ስሙም ቀለሙም የተለየ ነው። ሚስቱ ሁለቱንም በታማኝነት ትሰጠው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት በር ላይ ወደቀ። ሄጄ ሳየው ሁለቱም ካርቶን ውስጥ ያለው አምሎዲፒን ነው። በሁለት የፋብሪካ ስም የመጣ አንድ መድኃኒት። የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ነገውኑ እቤት ያለውን የድሮ መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ሰብስበሽ ዋርድ ይዘሽ ሂጂ። እያንዳንዱን እያነሳሽ ጠይቂ፦ ይሄ ይቀጥላል? ይሄ ቆሟል? የቆመውን እዚያው ለዪው፤ እቤት አይመለስ። የሚቀጥለውን በአማርኛ ጻፊ፦ ስሙን፣ ለምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ እስከ መቼ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፊው። ወረቀቱ ላይ ያለው 8 የፈረንጅ ይሁን የሀበሻ ሳይታወቅ ስንት ሰው መድኃኒት አዛብቷል። ስትሮኩ የደም ሥር መዘጋት ይሁን የደም መፍሰስም ጠይቂ። አስፒሪን ለመጀመሪያው ይታዘዛል፤ ለሁለተኛው ግን ሊጎዳ ይችላል። ነገ ጎረቤት «አስፒሪን ለስትሮክ ጥሩ ነው» ቢል የምትመልሽው ይኖርሻል።

የግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቆምም። ግፊት ሲወርድ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በሽታው ሄደ ማለት አይደለም። ሁለተኛ ስትሮክ ይዟቸው ከተመለሱት ሰዎች ብዙዎቹ ላይ ያየሁት ታሪክ ይሄው ነው፤ ክኒኑ አልቆ ሳይገዛ የቀረ። ሳያልቅ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ግዢ። ግፊት መለኪያ ለመግዛት አቅም ካላችሁ በክንድ የሚታሰረውን ግዙ። በደህናው በግራ ክንዳቸው፣ 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ለኩና ደብተር ላይ ጻፉ። አንድ ቀን ከፍ ስላለ ራሳችሁ መድኃኒት አትጨምሩ።

ኢንሱሊንና የአዳማ ሙቀት አይስማሙም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይጣላል። የተከፈተው ውጭ እስከ 4 ሳምንት ይቆያል፤ ግን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በሚያዝያ ቀትር ቤታችሁ ምን ያህል እንደሚግል ታውቂዋለሽ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ሁለት የሸክላ ዕቃ ግዢ፤ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጪና መሐላቸውን በአሸዋ ሙይው። አሸዋውን ጠዋት ማታ ውኃ አጠጪው። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልለሽ ትንሹ ውስጥ ክተቺ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኚው። ቴሌቪዥን ላይና መስኮት ሥር አይቀመጥ።

አባትሽ ምግብ እምቢ ካሉ ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው አትውጉ፤ መጀመሪያ ስኳሩን ለኩ፣ ሐኪም ጠይቁ። ስኳር ሲወርድ ላብ ያጠምቃል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ሰው ይፈዛል። ስትሮክ ያለበት ሰው ላይ ሁለተኛ ስትሮክ ሊመስል ይችላል። ከ70 በታች ከሆነና ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጣችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስጡ። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አይግባ፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ምግብ። የአፍንጫው ቱቦ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ይህ በጣም የምፈራው ጊዜ ነው። የመዋጥ ጡንቻም እንደ እጃቸው ደክሟል። ሰው የሚያስበው ጠጣሩ ምግብ አስቸጋሪ፣ ውኃው ቀላል እንደሆነ ነው። የተገላቢጦሽ ነው። ውኃ ይፈጥናል፤ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ወደ ሳንባ ይገባል። ወፈር ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት፣ ለስለስ ያለ ገንፎ ይቀላል። ደረቅ እንጀራ፣ ቆሎ፣ የሚፈረፈር ዳቦ ለጊዜው ይቅር። አጥሚቱና ገንፎው ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት፤ ስኳርና ማር አትጨምሩበት።

ቀጥ ብለው ተቀምጠው ብቻ ይብሉ። ተኝተው አይሆንም። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ ያድርጉ። በሻይ ማንኪያ፣ በደህናው በግራ በኩል። ዋጡ? አፋቸውን እይ፤ ከዚያ ሌላ ማንኪያ። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ለእሳቸው ግን ለአሁኑ አይሆንም። ዘመድ መጥቶ «አንዴ ብቻ ላጉርሳቸው» ቢል እጅ ያዙ። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ቀና ብለው ይቆዩ። በደከመው ጉንጫቸው ውስጥ የተደበቀ ምግብ ካለ አውጡ፣ ጥርሳቸውን በቀን ሁለት ጊዜ አጽዱ። የቆሸሸ አፍ የሳንባ ምች መነሻ ነው። ሲመገቡ ትን የሚላቸው ከሆነ ወይም ድምፃቸው እርጥብ፣ አረፋ የያዘ መስሎ ከተሰማሽ አቁሙ። ነገ ነርሷ ባለችበት በሻይ ማንኪያ ውኃ አቅምሷቸውና አብራችሁ እዩ። ጨው በቀን በጠቅላላው ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው፤ ሽሮውና በርበሬው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ።

የመኝታ ቁስል። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። በሦስት ቀን ይጀምርና ለመዳን ሦስት ወር ይፈጃል። በየ2 ሰዓቱ ጎን ይቀየራሉ፤ በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ። ሙሉ በሙሉ በጎን አታስተኟቸው፤ ከጀርባቸው ትራስ ደግፋችሁ ዘንበል ይበሉ። ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዛቸው አየር ላይ ይሁን። በጉልበታቸው መሐልም ትራስ። ስትጎትቷቸው ቆዳ ይቀደዳል፤ አንሶላውን ለሁለት ይዛችሁ አንሱና አዛውሩ። የሽንት ጠብታ ለመከላከል ፍራሹ ላይ ላስቲክ የምታነጥፉ ከሆነ በላዩ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ይሁን። በአዳማ ሙቀት ላስቲክ ላይ የተኛ ጀርባ በላብ ይበሰብሳል።

በየቀኑ ስታጥቧቸው መቀመጫ አጥንታቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ተረከዛቸውን፣ የትከሻ አጥንታቸውን እዩ። መጽሐፍ ላይ «የቀላ ቆዳ» ይላል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ከዙሪያው የጠቆረ፣ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ሲነካ የሚያማቸው ቦታ ፈልጉ። እዚያ ቦታ ላይ ጨርሶ አታስተኟቸው፤ ማሸትም የለም። መሐሉ ክፍት የሆነውን የቀለበት ትራስ ሊያመጣላችሁ የሚፈልግ አይጠፋም። አይጠቅምም፤ ዙሪያውን ደም ያግዳል። እናትሽ ሌሊቱን ሙሉ በየ2 ሰዓቱ ተነስተው ሊቆዩ አይችሉም። ጥሩ ፍራሽ ካለና ቆዳቸው ጤነኛ ሆኖ ከሰነበተ ሌሊቱን ማራዘም ይቻል እንደሆነ ነርሷን ጠይቂ። እስከዚያው ከማታ 4 ሰዓት እስከ ሌሊት 9 ሰዓት አንቺ፣ ከዚያ በኋላ እናትሽ፤ ተከፋፈሉት።

ቀኝ እጃቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ። የላላ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወጣል፤ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። ሲቀመጡ እጁ ትራስ ላይ ይረፍ፤ ወደ ታች አይንጠልጠል። ስታነሷቸው ወገባቸውን ያዙ።

ስለ ሽንት ቱቦው መጀመሪያ የምትጠይቂው «እንዴት እንያዘው?» ሳይሆን «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ነው። ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ይገባና ማንም ሳያስታውሰው አብሮ ወደ ቤት ይሄዳል። ከሐሙስ በፊት ሊወጣ የሚችል ከሆነ ዋርድ ውስጥ እያሉ ይውጣና መሽናታቸው ይታይ። የግድ ከሆነ የሚቀየርበትን ቀን አጽፊ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገባቸው በታች ይንጠልጠል፤ መሬት ግን አይንካ። ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ነው። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ጠብታ ካልወረደ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፤ ካልሆነ ውሰዷቸው።

ካርዱን፣ የመውጫ ወረቀቱንና የጭንቅላት ምርመራውን ውጤት በአንድ ፋይል ያዙ። ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ሳምንት ሄደሽ ወረቀቱን አሳዪ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤታችሁን ትወቅ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተሩ መታደሱን እዩ። ቀጠሮውም የሪፈር ወረቀት የሚፈልግ ከሆነ ከጤና ጣቢያው ቀድማችሁ አስጽፉ። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ «ሲሻላቸው» የሚባል ነገር አይደለም። ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል፣ ግን እየዘገየ። ክፍያው ከከበዳችሁ አንድ ቀን ሄዳችሁ እንቅስቃሴውን በስልክ ቀርጻችሁ ኑና እቤት በየቀኑ አሠሯቸው።

ጠያቂ ይበዛል። ሐሙስ ማታ ሁለት ክፍል ቤታችሁ ይሞላል። ሰው ከፍቅሩ ነው የሚመጣው። ግን አባትሽ ይደክማሉ፣ እናትሽም ቡና ሲያፈሉ ይውላሉ። ከእድሩ ወይም ከዘመድ አንድ ደፋር ሰው ምረጡ፤ «ከ10 እስከ 11 ሰዓት ብቻ» ብሎ ያስታውቅላችሁ። «ምን ላምጣ?» ለሚልሽ ሰው ብርቱካን አትበዪው። «ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል አባቴ ጋ ቁጭ በልልኝ፤ እናቴ ትተኛ» በዪው። እናትሽ የራሳቸው መድኃኒት ካላቸው እሱም እንዳይረሳ። ከታማሚው ቀድሞ አስታማሚው የወደቀበት ቤት አይቻለሁ።

ጠበሉን በተመለከተ ከዘመዶችሽ ጋር አትጣዪ። መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ምዕመናን ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በግልጽ ተናግረው ነበር። እኔ የምፈራው ሁለት ነገር ነው፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥና በብዛት የሚጠጣው ውኃ ወደ ሳንባቸው እንዳይገባ። ሩቅ መንገድም ለአሁኑ ይቅር። የንስሐ አባታችሁን እቤት ጥሩ፤ ይርጩላቸው፣ ይጸልዩላቸው። ስለ ጾሙም እሳቸውን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

ሳይውል ሳያድር የሚያስሮጡ ነገሮች አሉ። አፋቸው አዲስ ከተጣመመ፣ ደህናው እጅ ከደከመ፣ ድንገት ካንቀላፉ ወይም ካንቀጠቀጣቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አንድ ባታቸው አብጦ ካመማቸው፣ ትኩሳት ከሳል ጋር ከመጣ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልመጣ የጎረቤት መኪና ከአሁኑ ተነጋግራችሁ ያዙ። ሐሙስ ስትወጡም ባጃጅ ይቅርባችሁ። ወገባቸውን የሚደግፍ ሰፊ የኋላ ወንበር ያለው መኪና ፈልጉ፤ የሽንት ከረጢቱን የሚይዘው ሰው ከፍ እንዳያደርገው ንገሪው።

ስለ ንግግራቸው አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። ቀኝ ጎን ሲመታ ንግግር አብሮ መጥፋቱ የተለመደ ነው፤ የአንጎል ግራ በኩል ሁለቱንም ስለሚያዝዝ። አይሰሙም፣ አያውቁም ማለት አይደለም። ስለዚህ እፊታቸው ስለ እሳቸው እንደሌሉ ሆናችሁ አታውሩ። «ሻይ ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠይቂና ቆይ፤ እስከ አስር ቁጠሪ። እናትሽ ቶሎ ብለው አይመልሱላቸው። አንድ ነገር ደግሞ ሞክሩ። «ውኃ» ማለት ያቃተው ሰው በልጅነቱ የለመደው ጸሎት ወይም ቁጥር ሲጀመርለት አንዳንዴ ከአፉ ይፈስሳል። ማታ ከእራት በኋላ እናትሽ «አባታችን ሆይ» ብለው ይጀምሩ። «በሰማያት» ላይ ሲደርሱ ዝም ይበሉና ይጠብቋቸው።